ናፖሊን ቀምሶ ማወቅ፦ ከዓርብ እስከ ሰኞ የምግብና የመጠጥ መመሪያ

ባንኮኒ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ፒያሳ አንዲት ካፌ ገብቶ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ማኪያቶውን ይጠጣ ነበር። እኔ ቦምቦሊኖዬን ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። ቃሉ የጣሊያንኛ መሆኑን ልብ ያልኩት ግን ካደግኩ በኋላ፣ ናፖሊ ውስጥ ነው። አንዲት ሴትዮ ልጇን «ከባንኮኒው ውረድ» ስትለው ሰማሁ። ቆም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ስጎ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ፣ ጀላቲ፣ ካራሜላ፣ መኮሮኒ። ቃላቱ ወደ እኛ የመጡበት ታሪክ መራራ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቃላቱ ግን ወጥ ቤታችን ውስጥ ቀርተዋል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ናፖሊ ሲገባ ከሌላው ቱሪስት ይልቅ ጥቂት ነገር ቀድሞ ያውቃል።

ናፖሊ (በእንግሊዝኛው ኔፕልስ) ከሮም በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ከትንሽ ናት። ባሕሩ ከፊቷ፣ የቬሱቪዮ እሳተ ገሞራ ከጎኗ ነው። ብዙ ጊዜ ተመላልሼባታለሁ። ከሁሉ በላይ የተማርኩት ነገር ይህ ነው፦ እዚያ ከተማ «ምን ልብላ?» ከማለት በፊት «ስንት ሰዓት ነው? ቀኑስ ምንድን ነው?» ማለት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ሰዓት አለው። የጠዋቱን ማታ የበላ፣ የእሑዱን ማክሰኞ የፈለገ ሰው የሚደርሰው የተረፈው ነው። መመሪያውንም በዚሁ መንገድ፣ በቀንና በሰዓት አዘጋጅቼዋለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ደረጃ 1፦ እሑድ የሚገባበት ጉዞ ያዙ

ዓርብ ግቡ፣ ሰኞ ውጡ። ሦስት ሌሊት ይበቃል። እሑድ የግድ መሃል ላይ መሆን አለበት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

ከወራቱ ፀደይና መከር ይሻላሉ። ነሐሴ አጋማሽን፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 15 አካባቢ ያለውን ሳምንት፣ ተዉት። ፌራጎስቶ የሚሉት በዓል ነው፤ ብዙ ጥሩ ትንንሽ ቤቶች ዘግተው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ከፋሲካቸው በፊት ያለው ሳምንት ግን ለጣፋጭ ወዳጅ ትልቅ ጊዜ ነው። የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ጋር አንዳንዴ ይገጥማል፣ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ጾመኛ ከሆናችሁ ሁለቱን ቀን መቁጠሪያ አስተያዩ።

ማደሪያ ስትይዙ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ይሁን። ቶሌዶ ጎዳና፣ ዳንቴ አደባባይ ወይም ሞንቴሳንቶ አካባቢ ጥሩ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር በእግር ይደረሳል። ናፖሊን በታክሲ የሚዞር ሰው ሽታዋ ያመልጠዋል፤ የት እንደሚበላ የሚነግራችሁ ደግሞ ሽታው ነው።

ደረጃ 2፦ የአሳማውን ነገር አስቀድማችሁ እወቁ

ይህን ከማንም መመሪያ ላይ አላገኘሁትም፤ ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ብዙዎቻችን አሳማ አንበላም። ናፖሊ ውስጥ ደግሞ አሳማ የሚደበቀው ሥጋው ላይ አይደለም፤ ስቡ ላይ ነው። በጣሊያንኛ «ስትሩቶ»፣ በናፖሊዎቹ አነጋገር «ንዞኛ» ይሉታል። ነጭ ነው፣ ቅቤ ይመስላል፣ ሊጥ ውስጥ ይገባል።

የት የት አለ? ታራሊ የሚባለው ቁንዶ በርበሬና ለውዝ ያለበት ቀለበት ብስኩት፣ ስሙ ራሱ «ንዞኛና ቁንዶ በርበሬ» ነው። ቅጠል በቅጠል የተነባበረው ስፎልያቴላ የሚባል ጣፋጭ በባህላዊ አሠራሩ ስቡ አለበት። ካዛትዬሎ የሚባለው የፋሲካ ዳቦ አለበት። የተጠበሰ ፒዛ ውስጥ «ቺኮሊ» የሚባል የአሳማ ስብ ፍርፋሪ ይገባል። የባቄላና የአደንጓሬ ፓስታ እንኳ አንዳንዴ በአሳማ ቆዳ ይሠራል። ዛሬ በቅቤ ወይም በዘይት የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እነዚህን ጥቂት ቃላት ይዛችሁ ሂዱ። «ቼ ስትሩቶ?» ማለት የአሳማ ስብ አለበት ወይ ነው። «ሴንሳ ማያሌ» ያለ አሳማ። «ሴንሳ ፎርማጆ» ያለ ቺዝ። «ሴንሳ አልኮል» ያለ አልኮል። ሰዎቹ ጥያቄ አይሰለቻቸውም። እንዲያውም ስለ ምግብ የጠየቃቸውን ሰው ይወዳሉ፤ አንዱን ስትጠይቁ ሦስቱ ይመልሱላችኋል።

ደስ የሚለው ደግሞ ይህ ነው፦ የናፖሊ ፒዛ ሊጥ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው። ጾመኛም አሳማ የማይበላም ሰው እዚህ ከተማ ጦሙን አያድርም። ሐላል ሥጋ የምትፈልጉ በጋሪባልዲ ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ ስደተኞች በሚበዙበት ሰፈር፣ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 3፦ ጠዋት፣ ቡናውን ቆማችሁ ጠጡ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ባሮቹ ይሞላሉ። እዚያ «ባር» ማለት ካፌ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ሂዱ። የምትፈልጉትን ተናግራችሁ ክፈሉ። ደረሰኙን ያዙ፤ «ስኮንትሪኖ» ይሉታል። ባንኮኒው ላይ አስቀምጡትና ትዕዛዙን ለባሪስታው ድገሙለት። አንዳንድ ቤት ጠጥተው ነው የሚከፍሉት፤ ከፊታችሁ ያለውን ሰው ብታዩ ይገባችኋል።

ብዙ ጊዜ ከቡናው ቀድሞ ትንሽ ብርጭቆ ውሃ ይመጣል። ውሃው ከቡናው በፊት ነው የሚጠጣው። አፍ አጥቦ ለቡናው ያዘጋጃል። ከቡና በኋላ ውሃ ከጠጣችሁ ባሪስታው ቡናውን እንዳልወደዳችሁት ሊያስብ ይችላል።

ሲኒው በፈላ ውሃ ውስጥ የቆየ ነው፤ ከንፈር ያቃጥላል። ጠርዙን ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ቡናው ሦስት ጉንጭ ቢሆን ነው። ወፍራም፣ ጥቁር፣ መራራ። ለእኛ ምላስ መጀመሪያ ይከብዳል። ምክንያት አለው፤ የእኛ አገር ቡና አረቢካ ነው፣ ናፖሊዎች ግን ሮቡስታ ደህና አድርገው ይቀላቅላሉ፣ ጠቆር አድርገውም ይቆሉታል። የይርጋ ጨፌን አበባ አበባ የሚል ሽታ እዚያ አትጠብቁ። ሌላ ዓይነት ጉልበት ነው። ስኳር ጨምራችሁ ደህና አማስሉት፤ በአንዳንድ የቆየ ባር ስኳሩ ገብቶበት ይመጣል። ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ «አማሮ» በሉ።

ማኪያቶ ካዘዛችሁ የአዲስ አበባው አይመጣም። ጠብታ ወተት የነካው ትንሽ ቡና ነው። ብዙ ወተት ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ እዘዙ፤ እሱም የጠዋት ነው፣ ከምሳ በኋላ የሚጠጣ የአገሬው ሰው አታዩም።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ቀን ደክሞኝ አንድ ትልቅ አደባባይ ላይ ውጭ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሒሳቡ ሲመጣ ቆሜ ብጠጣው ከምከፍለው ሦስት እጥፍ ነበር። ማንም አልሰረቀኝም፤ የተቀመጠና የቆመ ሰው ዋጋ ይለያያል። ባንኮኒው ላይ ከ1 ዩሮ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። መቀመጥ ከፈለጋችሁ የሚገባው ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ ለምሳሌ ከ1860 ጀምሮ ያለው ጋምብሪኑስ፣ ጣሪያውና ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ቤት ነው።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን «ካፌ ሶስፔዞ» ነው። የተንጠለጠለ ቡና እንደ ማለት። አንድ ጠጥታችሁ የሁለት ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው ለማታውቁት ሰው ይቀመጣል። የቸገረው ገብቶ «ሶስፔዞ አለ?» ይላል፤ ካለ ይጠጣል። ማን እንደከፈለ አይነገርም። የእኛ ሰው ጎረቤቱን «ቡና ጠጡ» ብሎ ካልጠራ ቡናው አይጣፍጠውም፤ ይህም ከዚያ የራቀ አይደለም። ቢያንስ አንድ ቀን ሶስፔዞ ክፈሉ።

ከቡናው ጋር ምን ይበላል? ስፎልያቴላ፣ ትኩሱን። ሁለት ዓይነት ነው። «ሪቻ» የሚባለው ቅጠል በቅጠል ተነባብሮ ሲነከስ ይንኮሻኮሻል። «ፍሮላ» የሚባለው ክብና ለስላሳ ነው። ውስጡ የገንፎ ዱቄት የመሰለ ሰሞሊና፣ ሪኮታ ቺዝ፣ በስኳር የተነከረ የብርቱካን ልጣጭና ቀረፋ አለው። መነሻው በአማልፊ ዳርቻ ያለ የሳንታ ሮዛ የመነኮሳይያት ገዳም ነው ይባላል፤ በ1818 ፒንታውሮ የሚባል ሰው ቶሌዶ ጎዳና ላይ መሸጥ ጀመረ። በባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ያለው አታናዚዮም ከምድጃው ሲወጣ የሚሸጥበት ቤት ነው። የቀዘቀዘ ስፎልያቴላ ከመስታወት ሥር ካያችሁ እለፉት።

ደረጃ 4፦ ቅዳሜ ረፋድ፣ ገበያ ውረዱ

ከሞንቴሳንቶ ጣቢያ ሲወጡ የፒኛሴካ ገበያ ይጀምራል። ከረፋዱ 3 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ገበያው አዳራሽ የለውም፤ መንገዱ ራሱ ገበያ ነው። ዓሣ ሻጮቹ ሰማያዊ ገንዳ ውስጥ ውሃ እያንዠቀዠቁ ክላምና ሙሰል የሚባሉ ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረቶችን፣ ኦክቶፐስንም በሕይወት ይሸጣሉ። ጩኸቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መርካቶን የሚያውቅ ሰው እዚህ ቤቱ ነው።

ምን ልመልከት ካላችሁ፣ ቲማቲሙን። በሞቃቱ ወራት ረጅሙ ሳን ማርዛኖ አለ። ትንንሾቹ ጫፋቸው ሾጠጥ ያሉት ፒየኖሎ ደግሞ በቬሱቪዮ አፈር ላይ የሚበቅሉ ናቸው፤ በክር ተሰካክተው እንደ ነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ይንጠለጠላሉ፣ የብርዱን ወራት ሙሉ ይቆያሉ። በብርዱ ወራት ፍሪያሬሊ የሚባል መረር ያለ ቅጠል ይመጣል። ጎመን ለሚወድ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ቢጤ ቃሪያ ይጠበሳል። ከአሳማ ቋሊማ ጋር ማቅረብ ይወዳሉ፣ ለብቻው እዘዙት።

ከዚያ የጎሽ ሞዛሬላ ግዙ። የሚሠራው ከናፖሊ ወጣ ብሎ በካዘርታና በሳሌርኖ በኩል ነው። ሕጉ ሁለት ነው፦ በተሠራበት ቀን ይበላል፣ ፍሪጅ አይገባም። ሲቆረጥ ወተቱ ጠብ ጠብ ካላለ ቆይቷል ማለት ነው። ዳቦ ግዙና እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላችሁ ብሉት። ዘይትም ጨውም አይፈልግም።

ሆድ ዕቃ ወዳድ ከሆናችሁ የጨጓራ ሻጮቹን ጋሪ ወይም ሱቅ ፈልጉ። የተቀቀለ ጨጓራና የጥጃ አፍንጫ ከትፈው ሎሚ ይጨምቁበታል። ጨው የሚነሰነሰው ከበሬ ቀንድ ነው፤ ጫፉ ተበስቶ። የእኛን ዋንጫ አስታወሰኝና ብዙ ቆሜ አየሁት። የአሳማ እግርም እዚያው ይቀላቀላል፤ የማትበሉ «ትሪፓ ብቻ» ብላችሁ ለዩ።

ፖርታ ኖላና የሚባለው የዓሣ ገበያ ለባቡር ጣቢያው ይቀርባል። ለልደታቸው ዋዜማ የሚሰበሰበው ሕዝብ መተላለፊያ ያሳጣል። በዚያች ሌሊት ሥጋ አይበላም፤ ስፓጌቲ በክላም፣ ኢል የሚባል እባብ መሰል ዓሣ ጥብስና ባካላ የሚባል በጨው የደረቀ ዓሣ ነው ገበታው።

ደረጃ 5፦ ፒዛውን እንደ አገሬው ብሉ

ፒዛ ብዙ ከተማ አለ። እዚህ ግን ፒዛ ሙያ ነው፣ ለዚያውም በሕግ የተጻፈ። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 የናፖሊ ፒዛን አሠራር መዝግቦታል፤ ስፋቱ ከ35 ሳንቲሜትር አይበልጥም፣ የምድጃው ወለል 485 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ውስጥ ይወጣል። በ2017 ደግሞ ዩኔስኮ የፒዛ ጋጋሪዎቹን ጥበብ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። አንድ ደቂቃ ተኩል! እንጀራ እንኳ ከምጣዱ ለመውጣት ከዚያ ብዙም አይፈጥንም። ስለዚህ የምትጠብቁት ወረፋውን እንጂ ፒዛውን አይደለም።

ከመሃል ጀምሩ፤ ትሪቡናሊ ጎዳና። ታዋቂ ቤቶች ላይ በር ላይ ስም ወይም ቁጥር ይሰጣል። ቁጥራችሁን ይዛችሁ ዞር ዞር በሉ፣ ግን አትራቁ። ከ1870 ጀምሮ የሚሠራው ዳ ሚኬሌ በማሪናራና በማርገሪታ ነው ስሙን ያገኘው። ማቴርዴይ ሰፈር ያለው ስታሪታ በተጠበሰ ፒዛ የታወቀ ነው። ፖርታልባ ቅስት ሥር ያለው ደግሞ ከከተማዋ እጅግ አሮጌዎቹ አንዱ ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ሌላውን ቀን ማንም ያልነገራችሁን የሰፈር ቤት ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ወረፋው ብቻ ነው።

ምን ይታዘዝ? ለጾመኛ ማሪናራ። ስሙ የመርከበኛ ነው፤ ዓሣ የለበትም፣ ቺዝም የለበትም። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሪጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ። ስጾም ለሦስት ቀን እሱን በልቼ አልሰለቸኝም። ላልጾመ ማርገሪታ። በ1889 ለንግሥት ማርገሪታ ተሠርቶ በስሟ ተጠራ የሚባለውን ታሪክ ሁሉም ይነግራችኋል፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን ይጠራጠሩታል። ሞዛሬላው ከላም ወተት የሆነውን ብትመርጡ ይሻላል። የጎሹ ውሃ ይለቃል።

ፒዛው ሲመጣ መሃሉ እርጥብ ነው። አልበሰለም ብላችሁ አትመልሱት፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ይታዘዛል፣ ለሁለት አይካፈልም። መጀመሪያ በቢላና በሹካ መሃሉን፣ ቀጥሎ ጠርዙን በእጅ። መንገድ ላይ ከፈለጋችሁ ደግሞ «ፖርታፎሊዮ» በሉ፤ ትንሽ ፒዛ አራት ቦታ ታጥፎ እንደ ቦርሳ በወረቀት ይሰጣችኋል።

የተጠበሰው ፒዛ የችግር ጊዜ ልጅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምድጃና ሞዛሬላ ሲጠፋ ሴቶች ቤታቸው በር ላይ ዘይት ጥደው ሊጥ ይጠብሱ ነበር። «ዛሬ ብላ፣ በስምንተኛው ቀን ክፈል» የሚል ዱቤም ነበረው። ዛሬም ስትበሉት ያ ይታሰባችሁ። ሪኮታ ብቻ አስገቡበት፣ ቺኮሊውን አስቀሩ።

ሌላው ጥብስ ሁሉ፣ የድንች ክሮኬውም የሩዝ ኳሱም ኩዎፖ የሚባለው በወረቀት ጥቅል የሚሰጥ የዓሣ ጥብስም፣ መክሰስ ነው። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ሲርባችሁ አንድ ብሉ። ቤሻሜል በሚባል ነጭ የወተት ስጎና በአተር የሚሠራውን የመኮሮኒ ጥብስ፣ ፍሪታቲናን፣ ግን አትለፉ፤ ካም ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ እሑድ፣ ድስቱ ቱክ ቱክ ሲል

እሑድ የግድ መሃል ላይ ይሁን ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ሳኒታ ወይም የስፓኝ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ውስጥ ግቡ። ምንም አትግዙ። ዝም ብላችሁ ሂዱ። ከየመስኮቱ የራጉ ሽታ ይወርዳል። ራጉ ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ ማለዳ የሚጣድ ስጎ ነው። ሥጋው አይፈጭም፤ ትልልቅ ሙዳ ሆኖ ከሽንኩርትና ከሳልሳ ጋር ለሰዓታት በቀስታ እሳት ላይ ይቆያል። ክዳኑ በእንጨት ማማሰያ ከፍ ይደረጋል፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ። ድስቱ የሚያሰማውን ድምፅ «ፒፒያሬ» ይሉታል። ከድምፁ የወጣ ቃል ነው፣ ልክ እንደ እኛ ቱክ ቱክ። እናቴ «ወጥ አይቸኩልም» እያለች እሳት የምትቀንሰው ትዝ ይለኛል። እነዚያ ሴቶችም ያንኑ ነው የሚያደርጉት።

ስጎው ለረጃጅም ቧንቧ ፓስታ ይሆናል። «ዚቲ» ይሉታል፤ ከመቀቀሉ በፊት በእጅ ይሰባበራል። ሥጋው ለብቻው ቀጥሎ ይቀርባል። ራጉ በልማድ የበሬም የአሳማም ሥጋ አለበት። ለዚህ ነው አሳማ የማይበላ ወዳጄን ሁሌ ወደ ሁለተኛው ድስት የምልከው።

ሁለተኛው ድስት ጀኖቬዜ ነው። ስሙ ጄኖቫን ቢጠራም ምግቡ የናፖሊ ነው። ቲማቲም የለውም። የበሬ ሥጋና ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርቱ ከሥጋው እኩል፣ ብዙ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ለሰዓታት ይቆላላል፤ በራሱ ውሃ ይሟሟል፣ ወርቃማ ይሆናል፣ በመጨረሻ ሽንኩርት መሆኑ ይጠፋል። መጀመሪያ ስቀምሰው ሹካዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። በርበሬ ያልገባበት የዶሮ ወጥ ቁሌት ነው! ሽንኩርት ሲቁላላ የዋለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ምግብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ናፖሊ ሄዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ብትበሉ ይህን ብሉ። ቅመማ ላይ አንዳንዶች ትንሽ የአሳማ ሥጋ ይጨምራሉና ጠይቁ።

የት ይበላል? ትራቶሪያ በሚባሉ ትንንሽ ቤቶች። የእሑድ ምሳ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው፤ ቅዳሜ ሄዳችሁ ቦታ ያዙ፣ ብዙዎቹ እሑድ ማታ ይዘጋሉ። ቤት ስትመርጡ ሦስት ምልክት አለኝ። ሜኑው በእጅ የተጻፈና አጭር ይሁን። የምግብ ፎቶ በር ላይ አይሰቀል። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ «ግቡ ግቡ» አይበላችሁ። ሒሳብ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል መስመር ታያላችሁ፤ የዳቦና የመቀመጫ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም።

ፓስታው ሲያልቅ ሳህኑ ላይ ስጎ ይቀራል። ዳቦ ቁረሱና ጥረጉት። «ስካርፔታ» ይባላል። ድስት በእንጀራ የጠረገ ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልገውም፤ ነውር የለውም፣ ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮ ካየች ደስ ይላታል።

እሑድ ማግኘት ካልቻላችሁ የዘወትር ቀን ምግባቸው «ፓስታ ከድንችና ከፕሮቮላ» ነው። ቤት ውስጥ የቀረ ስብርባሪ ፓስታ ሁሉ ከድንች ጋር ይቀቀልና በጭስ የታጠነ ቺዝ ይቀልጥበታል። ማንኪያ እስኪቆም ወፍራም ነው። የድሃ ምግብ ሆኖ እጅ ያስቆረጥማል። የሚገርመው፣ ናፖሊዎች ከጥንት ጀምሮ ፓስታ በሊታ አልነበሩም። እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያኖች «ቅጠል በሊታ» ነበር የሚሏቸው፣ ጎመን ስለሚያዘወትሩ። ከዚያ በኋላ ነው «መኮሮኒ በሊታ» የሆኑት።

በዚሁ ቀን ጠዋት ሌላም ታያላችሁ። ወንዶች በወረቀት የተጠቀለለ የኬክ ትሪ በሪባን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ለምሳ የተጠሩ ናቸው፤ ባዶ እጅ አይኬድም። ትሪው ውስጥ «ባባ» ይኖራል፣ ሩም በሚባል አረቄ የተነከረ እስፖንጅ ኬክ፤ አልኮል የማትወስዱ ተጠንቀቁ። ለፋሲካ ደግሞ ፓስትዬራ አለ። ስንዴው እንደ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ በወተት በስሎ፣ ከሪኮታና ከብርቱካን አበባ ውሃ ጋር ይጋገራል። ንፍሮ ጣፋጭ ኬክ ይሆናል ብትሉኝ አላምንም ነበር። ተሠርቶ ሁለት ሦስት ቀን ቢያድር ነው የሚጥመው፣ ስለዚህ ከጸሎተ ሐሙሳቸው ጀምሮ ይሠራል።

ደረጃ 7፦ መጠጡን ከምግቡ ጋር አጋቡ

ከፒዛ ጋር ቢራ ይጠጣሉ። ወይን ከፈለጋችሁ ግራኛኖ የሚባለውን ቀይ፣ ቀዝቀዝ ያለና ትንሽ አረፋ ያለውን ጠይቁ። ለዓሣ ነጩ ፋላንጊና ወይም ፊያኖ፣ ለራጉና ለጀኖቬዜ ቀዩ አልያኒኮ ይሄዳል። ከቬሱቪዮ ተዳፋት የሚመጣው «ላክሪማ ክሪስቲ» ስሙ የክርስቶስ እንባ ማለት ነው። ውድ መግዛት አያስፈልግም፤ ትራቶሪያው በጆግ የሚያቀርበው የቤት ወይን ለምሳ ይበቃል።

አልኮል ለማይጠጣ ናፖሊ የራሷ ነገር አላት። መንገድ ዳር ሎሚና ብርቱካን የተንጠለጠለባቸው ትንንሽ ኪዮስኮች ታያላችሁ። የሎሚ ጭማቂ በጋዝ ውሃ አዘጋጅቶ በመጨረሻ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምርበታል። ወዲያው ገንፍሎ ይፈሳል። ስለዚህ እግር ከፈት አድርጎ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠጣው። ከእሑድ ምሳ በኋላ ለከበደው ሆድ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት አትጠብቁ። እስከዚያ ቤሊኒ አደባባይ ወይም ኪያያ ሰፈር ሄዳችሁ አንድ ነገር ይዛችሁ ቆዩ። የሎሚ አረቄው፣ ሊሞንቼሎ፣ ከእራት በኋላ በትንሽ ብርጭቆ በረዶ ሆኖ ይመጣል። ጣፋጭ ስለሆነ ያታልላል።

ደረጃ 8፦ ሰኞ፣ ወደ ቤት የሚያዘው

ሞዛሬላ አትያዙ። ይበላሻል፣ እንዲያውም አውሮፕላን ላይ ይፈሳችኋል። የግራኛኖ ፓስታ ያዙ፤ ከናፖሊ ወጣ ብላ ያለች የፓስታ ከተማ ናት። በነሐስ ቅርጽ ማውጫ ስለሚወጣ ላዩ ሻካራ ነው፣ ስጎውን ይይዛል። የሳን ማርዛኖ ቲማቲም በቆርቆሮም ጥሩ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን «ኩኩሜላ» ግዙ። የናፖሊ የቤት ቡና ማፍያ ነው፣ ሁለት ድስት እንደ ተገጣጠመ ያለ ነገር። ታችኛው ውስጥ ውሃ፣ መሃል ማጣሪያው ውስጥ ቡና ታደርጋላችሁ፤ ጡት ያለውን ክፍል ገልብጣችሁ ከላይ ትገጥማላችሁ። ከጎኑ ትንሽ ቀዳዳ አለው። እንፋሎት ሲወጣበት ከእሳቱ አውርዱና ሁሉንም ባንዴ ገልብጡት። ውሃው በቡናው ውስጥ በቀስታ ይንጠባጠባል፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ጡቱ ላይ ከወረቀት የተሠራ ትንሽ ቆብ ያደርጋሉ፣ ሽታው እንዳያመልጥ። የእኛ ሰው ጀበናው አፍ ላይ ውታፍ እንደሚያደርገው ነው። እኔ ቤቴ ውስጥ በይርጋ ጨፌ ቡና አፈላበታለሁ። ቆላ ስታደርጉት አታጥቁሩት፤ ፍጭቱ ደግሞ ለጀበና ከምትፈጩት ትንሽ ሻከር ይበል፣ አለዚያ ውሃው አይወርድም።